«ሂ» ማነው? በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስለሚያደናግሩ ተውላጠ ስሞች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሀዋሳ ውስጥ ማታ ማታ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ግንቦት ሲገባ ደግሞ «የመመረቂያ ጽሑፌን እይልኝ» የሚለው ተማሪ ይበዛል። ወረቀቱ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ወጥቶ ገና ሳይቀዘቅዝ እጄ ላይ ያስቀምጡታል። ስፔሊንጉ ደህና ነው፣ ኮምፒውተሩ አርሞታል። ቴንሱም ብዙ ጊዜ አይከፋም። ላብ የሚያስወጣኝ «ሂ»፣ «ኢት»፣ «ዜይ» እና «ዚስ» ነው። ማንን ወይም ምንን እንደሚሉ ለማወቅ ጸሐፊውን ስልክ ደውዬ የጠየቅኩበት ቀን አለ።

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ክፍል ውስጥም፣ ሐይቁ ዳር ሻይ ላይም የሚቀርቡልኝ ናቸው። የእንግሊዝኛ ምሳሌዎቹን በፊደላችን የጻፍኳቸው ሆን ብዬ ነው። ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው። ይህ ስህተት ከዓይን ይልቅ ለጆሮ ቶሎ ይሰማል።

ቆይ፣ ችግሩ ምንድነው?

ተውላጠ ስም በስም ፈንታ የሚገባ ቃል ነው። አንባቢው «ሂ» የሚለውን ሲያይ ወደኋላ ዞሮ ወንድ ይፈልጋል። አንድ ወንድ ካገኘ ሰላም ነው። ሁለት ካገኘ ይገምታል። ምንም ካላገኘ ደግሞ ግራ ይገባዋል። ሰዋስውህ ልክ ሊሆን ይችላል፣ ዐረፍተ ነገሩ ግን ሥራውን አልሠራም።

አማርኛ ተናጋሪ ላይ ለምን ይበረታል? ፈረንጅስ አይሳሳትም?

ይሳሳታል እንጂ! ብዙዎቹ የጽሑፍ መማሪያዎቻቸው ስለዚህ ነገር ያነሣሉ። እኛ ላይ የሚበረታበት ግን የራሱ ምክንያት አለው። በራሴ ላይ የደረሰውን ላውጋችሁ።

ከዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ እጽፍ ነበር። አንድ ሹፌር የመስክ አበሉ ሳይከፈለው ቀረ። ለዋናው ቢሮ ምክንያቱን አስረዳ ተባልኩ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ዘ አካውንታንት ቶልድ ዘ ድራይቨር ዛት ሂ ሃድ ኖት ሳይንድ ዘ ፎርም»። ሒሳብ ሹሙ ለሹፌሩ ፎርሙ ላይ አለመፈረሙን ነገረው ማለቴ ነው።

ያልፈረመው ማነው? እኔ አውቃለሁ። ሒሳብ ሹሙ ራሱ ነው የረሳው። ሰውዬው አልደበቀም፣ ለሹፌሩ «ይቅርታ ወንድሜ፣ አልፈረምኩም» ብሎታል። ዋናው ቢሮ ግን «ሂ» ሹፌሩ ነው ብሎ አነበበ። ፎርሙ «ሹፌሩ ይፈርምበት» ተብሎ ተመለሰ። ሹፌሩ ደግሞ ድሮውኑ ፈርሟል። ወረቀቱ ሲመላለስ ሁለት ሳምንት ሄደ።

አሁን ይህን ነገር በአማርኛ እንየው። አማርኛ የሰው ንግግር ሲያወራ ብዙ ጊዜ ቃሉን እንዳለ ያመጣዋል። «አልፈረምኩም አለው» ካልን ያልፈረመው ተናጋሪው ነው። «አልፈረምክም አለው» ካልን ሰሚው ነው። ልዩነቱ «ኩ» እና «ክ» ብቻ ናት። የሹፌሩ አበል የተንጠለጠለው በዚህች አንዲት ፊደል ላይ ነበር። እንግሊዝኛው ወሬውን ወደ ሦስተኛ ሰው ሲያዞረው ሁለቱም «ሂ» ሆኑና ፊደሏ ጠፋች።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። «ነገረችው» የሚለውን አንድ ቃል ውሰዱ። ተናጋሪዋ ሴት፣ ሰሚው ወንድ፣ ሁለቱም ነጠላ እንደሆኑ ግሱ ራሱ ይናገራል። «ቶልድ» የሚለው ቃል ግን ከነዚህ አንዱንም አይነግራችሁም። ሸክሙ በሙሉ «ሺ» እና «ሂም» ላይ ይወድቃል። እኛ ደግሞ ግሱ ነገሩን እንዲጨርስልን ለምደናል። ጭንቅላታችን ውስጥ ግልጽ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ግን የለም። አማርኛ ብቻም አይደለም። ሲዳምኛና ኦሮምኛ አፋቸውን የፈቱ ተማሪዎቼም ባለቤቱን ግሱ ላይ ማንጠልጠል የለመዱ ናቸው። ስለዚህ ክፍሉ ሙሉ አብሮ ይሳሳታል፣ አብሮም ይስቃል።

እሺ፣ ያቺ ደብዳቤ እንዴት ትስተካከል ነበር?

በሦስት መንገድ። አንደኛው የሰውየውን ቃል እንዳለ ማምጣት ነው፣ እንደ አማርኛው፦ «ዘ አካውንታንት ሴድ ቱ ዘ ድራይቨር፣ ‹አይ ሃቭ ኖት ሳይንድ ዘ ፎርም›»። ለቢሮ ደብዳቤ ትንሽ ወሬ ወሬ ይላል፣ ግን ማንም አይሳሳትም።

ሁለተኛው ግሱን መቀየር ነው። «ቶልድ» በሚለው ፈንታ «አድሚትድ ቱ» ቢገባ፣ አመነ ማለት ስለሆነ፣ ሰው የሚያምነው የራሱን ጥፋት ነውና «ሂ» ወደ ሒሳብ ሹሙ ይሄዳል። ይህኛውን እወደዋለሁ። አጭር ነው፣ ስምም አያስደግምም።

ሦስተኛው ደረቁ መንገድ ነው። ወሬውን ትቶ የሆነውን መጻፍ፦ «ዘ አካውንታንት ሃድ ኖት ሳይንድ ዘ ፎርም»። ዛሬ ብጽፈው ይህን ነው የምጽፈው። ዋናው ቢሮ ማን ለማን ምን እንዳለ መች ጠየቀኝ?

«ኢት» ስል ምን ልጠንቀቅ?

ሀዋሳ የባጃጅና የሳይክል ከተማ ስለሆነች ምሳሌው ከመንገድ ይምጣ። «ዌን ዘ ባጃጅ ሂት ዘ ባይሲክል፣ ኢት ፌል ኢንቱ ዘ ዲች።» ባጃጁ ሳይክሉን ሲገጨው ቦይ ውስጥ ወደቀ። ምኑ ነው የወደቀው? በአማርኛም ሁለቱ ወንድ ከሆኑ ያው ነው፣ አይታወቅም። ግን አማርኛ ተናጋሪ መውጫ አለው። ትንሿን ነገር በሴት ይጠራታል፦ «ባጃጁ ሳይክሏን ሲገጫት ቦይ ውስጥ ወደቀች»። አለቀ። እንግሊዝኛ ለዕቃ ይህን ዕድል አይሰጥም። ባጃጅም «ኢት»፣ ሳይክልም «ኢት»፣ ቦዩም «ኢት» ነው።

እዚህ ላይ ዐረፍተ ነገሩን መገልበጥ ይሠራል፦ «ዘ ባይሲክል ፌል ኢንቱ ዘ ዲች ዌን ዘ ባጃጅ ሂት ኢት»። ባጃጅ ራሱን አይገጭም። ስለዚህ «ኢት» ሳይክሉ ብቻ ነው።

ግን እኮ አንባቢ ከሐሳቡ ይረዳዋል?

አንዳንዴ አዎ። ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ የሄደ ሰው አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዓሣ የሚበልቱትን ልጆች ከበው ሲጠብቁ አይቷል። «ዘ በርድ ስቴርድ አት ዘ ፊሽ ቢኮዝ ኢት ዋዝ ሀንግሪ» ብትሉ ማንም አይደናገርም። የሚርበው ወፉ ነው፣ ዓሣው ሞቷል። መጨረሻዋን ቃል «ፍሬሽ» አድርጓትና «ኢት» ወደ ዓሣው ይዞራል። ሰዋስዉ አልተነካም፣ የተቀየረው አንድ ቅጽል ነው። ፍቺውን የሰጠው የእኛ ዕውቀት ነው።

ይህ ነገር የኮምፒውተር ሰዎችንም ሲያስጨንቅ ኖሯል። ቴሪ ዊኖግራድ የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ምሁር እ.ኤ.አ. በ1972 አንድ ታዋቂ ምሳሌ አቀረበ። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ የከተማው ምክር ቤት አባላት ለሰልፈኞቹ ፈቃድ ከለከሉ፣ ምክንያቱም «ዜይ» ሁከት ፈሩ። «ፈሩ» ከተባለ «ዜይ» የምክር ቤቱ አባላት ናቸው። «ደገፉ» ከተባለ ሰልፈኞቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ሄክተር ሌቬክ የተባለ ተመራማሪ ማሽን ማሰቡን ለመለካት እንዲህ ያሉ ዐረፍተ ነገሮችን ፈተና እንዲሆኑ ሐሳብ አቀረበ።

ስለዚህ ሐሳቡ የሚያወጣችሁ ጊዜ አለ። ችግሩ አንባቢው የእናንተን ያህል ጉዳዩን አለማወቁ ነው። ወፍ እንደሚርበው ሁሉም ያውቃል። የመሥሪያ ቤታችሁን ፎርም ማን እንደሚፈርም ግን ዋናው ቢሮ አያውቅም። ከሐሳቡ ይገባዋል ብሎ መተው ሹፌር አበል ያስቀራል።

አስተማሪዬ ስም አትደጋግም ብሎኛል። አንተ ደግሞ ድገም ትላለህ?

እላለሁ። ይህ ምክር ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ልጅ ሆነን «ማይ ኔም ኢዝ» ብለን ስንጀምር ስማችንን በየመስመሩ እንደግም ነበር። «አይ» እና «ሂ» የሚሉትን እንድንለምድ ነው የተነገረን። ከዚያ በኋላ ግን መፈክር ሆኖ ቀረ።

የሥራ ውል አይታችሁ ታውቃላችሁ? «ዘ ኢምፕሎየር» እና «ዘ ኢምፕሎዪ» በየመስመሩ ይመላለሳሉ። ማንም ውበት ጎደለው አይልም። ጠበቃው «ሂ» ብሎ ቢጽፍ ደመወዝ የሚከፍለው ማን፣ የሚቀበለው ማን እንደሆነ ክርክር ይነሣል። መድገም አስቀያሚ የሚሆነው አንድ ሰው ብቻ ባለበት ቦታ ነው።

ከመድገም ለመሸሽ «ዘ ፎርመር» እና «ዘ ላተር» የሚሉ ተማሪዎች አሉ፣ የፊተኛውና የኋለኛው ማለት ነው። እባካችሁ ተዉት። አንባቢው ጣቱን ይዞ ሊቆጥር ነው።

«ዚስ» ብዬ ዐረፍተ ነገር ብጀምር ምን አለበት?

የመመረቂያ ጽሑፍ ዋና በሽታ ይህ ነው። «ዚስ ሾውስ ዛት»፣ ይህ የሚያሳየው። ምኑ? ከላይ አራት መስመር አለ። የሐይቁ ውኃ ጨመረ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ጀልባዎቹ ቆሙ፣ የዓሣ ዋጋ ተወደደ። ከዚያ «ዚስ አፌክትድ ዘ ፋሚሊስ»። ቤተሰቦቹን የጎዳው ውኃው ነው? መንገዱ ነው? ዋጋው ነው? አራቱም ተደምረው ነው?

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከ«ዚስ» ቀጥሎ ስም አስቀምጡ። «ዚስ ፕራይስ ራይዝ»፣ ይህ የዋጋ ጭማሪ። ወይም «ዚስ ሮድ ክሎዠር»፣ ይህ የመንገድ መዘጋት። የሚገርማችሁ፣ ስሙን ፈልጎ ማስቀመጥ ሲያቅተው ተማሪው ራሱ ምን ለማለት እንደፈለገ አለማወቁ ይገለጥለታል። አንድ ጊዜ አንዷን ተማሪ «ዚስ ምን?» ብዬ ብጠይቃት ዝም ብላ ቆየችና «ቲቸር፣ አንቀጹን ላጥፋው» አለች። ትክክል ነበረች።

«ዊች»ም የዚሁ ዘመድ ነው። «ሂ ሎስት ሂዝ አይዲ ካርድ፣ ዊች ሜድ ሂዝ ፋዘር አንግሪ።» አባትየውን ያናደደው መታወቂያው አይደለም፣ መጥፋቱ ነው። በወሬ ያልፋል። በፈተናና በጥናት ጽሑፍ ግን አታሳልፉት።

ስለ አያቴ ስጽፍ «ዜይ» አልኩ። ለምን ተሰረዘብኝ?

«እርሳቸው» ብለህ ስላሰብክ ነዋ! በአማርኛ «መጡ» ሲባል ብዙ ሰዎችም፣ አንድ የተከበሩ ሰውም ሊሆኑ ይችላሉ። እንግሊዝኛ ላይ ግን «ማይ አድቫይዘር ሴድ ዜይ ዊል ካም» ብትል አንባቢው አማካሪህ ሌሎች ሰዎች ይመጣሉ ያሉ ይመስለዋል። እንግሊዝኛ አክብሮትን በተውላጠ ስም አይገልጽም። ለአያትም፣ ለፕሬዚዳንትም «ሂ» ወይም «ሺ» ነው። ነውር የለውም። መጀመሪያ ላይ እጄ እንቢ ይለኝ ነበር፣ አያቴን «አንተ» ያልኳቸው ይመስለኝ ነበር።

ታዲያ «ዜይ» ለአንድ ሰው ይሆናል ሲሉ ሰምቻለሁ?

ይሆናል፣ ግን ለአክብሮት አይደለም። ሰውየው ማን እንደሆነ ወይም ጾታው በማይታወቅበት ጊዜ፣ አንድ ሰው ቦርሳውን ረስቷል ለማለት «ሰምዋን ሌፍት ዜር ባግ» ይባላል። አጠቃቀሙ ከ14ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በጽሑፍ ይገኛል። ሜሪያም ዌብስተር መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ2019 «ዜይ»ን የዓመቱ ቃል አድርጎታል። በዚያው ዓመት የወጣው የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር የአጻጻፍ መመሪያ 7ኛ ዕትምም ይህን አጠቃቀም ተቀብሎታል። ብዙ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎቻችን የሚከተሉት መመሪያ ይኸው ነው።

አስተማሪህ ካልወደደው ወደ ብዙ ቁጥር ሽሽ። የዶርም በር ላይ እንዲህ የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ እንበል፦ «ኢች ስቱደንት ማስት ሾው ሂዝ ካርድ ቱ ዘ ጋርድ ቢፎር ሂ ሊቭስ»። የሚወጣው ተማሪው ነው ወይስ ከሥራ የሚወጣው ጥበቃው? «ስቱደንትስ ማስት ሾው ዜር ካርድስ ቱ ዘ ጋርድ ቢፎር ዜይ ሊቭ» ብትለው ጥበቃው አንድ፣ ተማሪዎቹ ብዙ ስለሆኑ ነገሩ ጠራ። የ«ሂዝ» ወይስ «ሀር» ጭቅጭቅም አብሮ ጠፋ።

«ኢን ሀዋሳ ዜይ ኢት ፊሽ» ማለትስ?

እነማን? እኛ «ሀዋሳ ዓሣ ይበላል» ብለን ሰው ሳንጠራ እናልፋለን። እንግሊዝኛው ላይ ሰዎቹን ጥራ፦ «ፒፕል ኢን ሀዋሳ ኢት ፊሽ»።

አማርኛው እንዲህ ጎበዝ ከሆነ እሱ አያደናግርም ማለት ነው?

ኧረ ያደናግራል። «ሹፌሩ ለረዳቱ ወንድሙ እንደታመመ ነገረው» ብል የማን ወንድም ነው የታመመው? እዚህ አማርኛም እጁን ይሰጣል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ስንሻገር የሚከተለን «ኡ» እና «ው» ነው። «ልጁ መጣ» ማለት የታወቀው ልጅ መጣም፣ የእሱ ልጅ መጣም ይሆናል። አንድ ተማሪ «ገበሬው በሬውን ለነጋዴው ሸጠና ገንዘቡን ወሰደ» የሚለውን እንዲህ አደረገው፦ «ዘ ፋርመር ሶልድ ሂዝ ኦክስ ቱ ዘ መርቻንት ኤንድ ቱክ ሂዝ መኒ»። መጨረሻው ላይ ያለው «ሂዝ» ምስኪኑን ገበሬ ሌባ አስመሰለው። በሬ ሸጦ ሲያበቃ የነጋዴውን ኪስ የገባ ይመስላል። «ዘ መኒ» ቢል ይበቃ ነበር። «ሂዝ» ልትጽፉ ስትሉ አንድ አፍታ ቆም በሉ። የእሱ ማለታችሁ ነው ወይስ ያ የታወቀው?

«ሂ» ከስሙ ምን ያህል ይራቅ?

ቁጥር የለውም። እኔ የምይዘው ልማድ አዲስ አንቀጽ በተውላጠ ስም አለመጀመር ነው። መሐል ላይ ሌላ ወንድ ከገባም ስሙን መልሼ እጠራለሁ።

በጉግል ትርጉም ወይም በሰዋስው ማረሚያ ብፈትሸውስ?

ማረሚያው ብዙ ጊዜ ዝም ይላችኋል፣ ምክንያቱም የሰዋስው ስህተት የለም። የኔ ደብዳቤ ላይ አንዲት ቀይ መስመር አልነበረችም። ጉግል ትርጉም አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፣ ከዚያ ወዲህም ተሻሽሏል። ግን ያልነገራችሁትን ሊያውቅ አይችልም፣ ይገምታል። ሲገምት ደግሞ አያማክራችሁም።

የተሻለ ነገር አላችሁ፣ አፋችሁ። የጻፋችሁትን እንግሊዝኛ ጮክ ብላችሁ ወደ አማርኛ መልሱት። አማርኛው ያስገድዳችኋል። «አልፈረምኩም» ነው «አልፈረምክም»? «ወደቀ» ነው «ወደቀች»? «መጣ» ነው «መጡ»? ምርጫ ላይ ስትደርሱ ቁሙ። መልሱን ያገኛችሁት ከወረቀቱ ነው ወይስ ከራሳችሁ ጭንቅላት? ከጭንቅላታችሁ ከሆነ አንባቢው የለውም። ያንን ቦታ በእርሳስ አክብቡና ስም አስገቡበት። ክፍል ውስጥ ጥንድ ጥንድ አድርጌ ነው የማሠራው። አንዱ ይጽፋል፣ ጉዳዩን የማያውቀው ሌላው ወደ አማርኛ ይመልሳል። ጩኸቱ ሌላ ነው፣ «እንደዚያ አላልኩም!» የሚል ጩኸት።

ሹፌሩ በመጨረሻ አበሉን አገኘ?

ይህን የማይጠይቅ ክፍል ገጥሞኝ አያውቅም። አገኘ። ሒሳብ ሹሙ ፈረመ፣ እኔም «ሂ» የሌለባት ባለ ሁለት መስመር ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ገንዘቡ በሦስተኛው ቀን መጣ። ሹፌሩ ቂም አልያዘም፣ ግን አልረሳውምም። አሁንም ፒያሳ ሲያየኝ ከባጃጁ ጩኸት በላይ «ቲቸር! ሂ ማነው?» ብሎኝ ያልፋል።